ሲስተር ሰካራም አልነበረችም

አልጠጣችም አልኩ እኮ! ስንቴ ልናገር? አልጠጣችም፣ አልሸተተችም፣ አልተንገዳገደችም። እዛው ነበርኩ፤ በእኔና በእሷ መሃል አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። አንተ ፋሲል የት ነበርክ? ታክሲህ ውስጥ አፍህን ከፍተህ ተኝተህ ነበር። እናንተስ «ጥጋቡ ደሞ ጉራውን ጀመረ» እያላችሁ የምትንከተከቱት፣ እናንተ የት ነበራችሁ? እሺ፣ ጉረኛ ነኝ። ማን ካደ? ቶርንክሊፍ ፓርክ ካሉት ፎቆች ሁሉ እንደ እኔ ሰው የሚያስቅ የለም፤ ይሄ ጉራ ሳይሆን የታወቀ ነገር ነው። ዛሬ ግን የምጽፈው ላስቃችሁ አይደለም። ተናድጄ ነው። ፊደሌ ከተወላገደ ከንዴት ነው በሉት።

ትናንት ዳንፎርዝ መንገድ ያለው አበሻ ምግብ ቤት ምሳ እየበላን ነበር። ከፍሪጁ በላይ የተሰቀለው ቲቪ ዜና ያወራል። ድንገት ፊቷ መጣ፣ ነጩ ቆቧ ሳይቀር። «የቴሌቪዥን ተዋናይቷ ዳርሊን ሆብስ አረፈች» አለ ሰውየው። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ስምንት አመት ነርስ ሆና የሠራችበትን ፊልም ቁራጭ አሳዩና፣ «በኋላም ቶሮንቶ ይሠራ ከነበረ ፊልም በመጠጥ ምክንያት ተባርራለች» ብለው ቋጩት። በቃ። የአንድ ሰው ዕድሜ በሰላሳ ሰከንድ፣ ከዛም ላይ ማሳረጊያው ውሸት።

ፋሲል እጁን እንኳ ሳይጠርግ ሪሞቱን አነሳና «ሰካራሟ ሞተች? በሉ ሆኪ አምጡልን» አለ።

ሪሞቱን ቀማሁት። እሱም መልሶ ቀማኝ። ትሪው ተገለበጠ፣ ሽሮው የሰው ጃኬት ላይ ፈሰሰ፣ ባለቤቱ ሁለታችንንም እየገፋ አስወጣን። መንገድ ላይ ቆሞ ሰው እየሰማ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንተ እሷን የት ታውቃታለህ? አንተ የምታውቀው የቲቪውን ሶኬት ነው!»

የት ታውቃታለህ? እሺ። ስማ።

መጀመሪያማ ያወቅኳት እንደ ሁሉም ሰው ነው። ቶሮንቶ የገባሁ ሰሞን፣ የሥራ ፈቃድ እስኪመጣ፣ አራት ሆነን አንድ አፓርትመንት ውስጥ ታጉረን ቲቪ ላይ ማፍጠጥ ነበር ሥራችን። የእሷን የሆስፒታል ፊልም በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይደግሙታል። አገር ቤት ትምህርት ያቋረጥኩት ከሦስተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት ብል አልዋሸሁም። ችግሩ የሆስፒታል እንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ነው። ግሮሰሪ ገብቼ «ወተት! ስታት!» ብዬ ብጮህ ባለሱቁ ፖሊስ ሊጠራ ስልክ አነሳ። ቶሎ በል ማለቴ እኮ ነው! እሷ እንደዛ ስትል ሁሉም ይሮጥላታል።

ቶርንክሊፍ ያሉት እናቶች በሙሉ ያዩአታል። ቋንቋው አይገባቸውም፣ ስሟንም አያውቁም። «ሲስተር መጣች፣ ዝም በሉ» ነው የሚሉት። «ሲስተር ዛሬ ያንን ሽማግሌ አተረፈችው።» እዚች ቃል ላይ ልብ አድርጉልኝ። ለፈረንጅ ሲስተር ማለት እህት ነው። ለእኛ ሲስተር ማለት ነጭ የለበሰች፣ መርፌ የምትወጋ ነርስ ናት። የመጣው ነገር ሁሉ የመጣው በዚች ቃል ነው።

ከዛ አንድ ህዳር ላይ ፊልም ሠሪዎች መጡ። የእኛን ድርቅ፣ የሰባ ሰባቱን፣ ፊልም ሊሠሩት። አገራችን ድረስ ከመሄድ ቶሮንቶ ይረክሳል ብለው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አሸዋ የሚዛቅበት ትልቅ ጉድጓድ ተከራይተው «ይሄ በረሃ ነው» አሉ። ለፊልሙ ሰው የሚመለምለው ሰውዬ ዳንፎርዝ መጣና «ስንት አበሻ ታመጣልኛለህ?» አለኝ። «ስንት ትፈልጋለህ?» አልኩት። ሁለት ባስ ሙሉ ሰው አመጣሁለት። ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እኔ ነኝ ካለ ውሸቱን ነው። አስተርጓሚ አደረጉኝና ወገቤ ላይ የሚሰካ የመነጋገሪያ ሬዲዮ ሰጡኝ። ያንን ሬዲዮ ሰክቼ ስራመድ ያላየ ሰው ምንም አላየም። በስሜም ተቀለደብኝ፤ ለረሃብ ፊልም አስተርጓሚው ጥጋቡ!

ብርዱን አልነግራችሁም። ከላይ ቡትቶ፣ ከስር ወፍራም የክረምት የውስጥ ልብስ። አፈሩ ላይ በረዶ ከጣለ ቡናማ ቀለም ይረጩበታል። ስንተነፍስ ደግሞ ከአፋችን ጭስ ይወጣል፤ በረሃ ላይ ጭስ የሚተነፍስ ሰው የለም። መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? ከመቀረጻችን በፊት በረዶ ያስመጥጡናል። አፍ ከቀዘቀዘ ትንፋሽ አይታይም። በረዶ እየመጠጥክ ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ምሰል! አንድ ሽማግሌ አባት በረዶውን ጉንጫቸው ውስጥ እያንከባለሉ «ልጄ፣ በሰባ ሰባትም እንዲህ አልተሰቃየን» አሉኝ።

ማስተርጎሙ ደግሞ። ዳይሬክተሩ «ካት!» ሲል እኔ «ቁረጡ!» ብዬ ጮኽኩ። ሽማግሌው «ምኑን?» አሉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል፣ የሚቆረጥ ነገር ፍለጋ። በሁለተኛው ቀን ብልሃቱን አገኘሁት። «ካት» ሲል እኔ «በቃ!» እላለሁ፤ ሁለት ባስ ሰው ብድግ ብሎ ወደ ማሞቂያው ይሮጣል። የቀረጻ ቦታው ላይ ያለ ፈረንጅ ሁሉ «በቃ»ን ለመደ። እሷም ለመደች።

እሷን ያገኘኋት ማሞቂያ ያለበት ድንኳን ውስጥ ነው። ሁሉም «ዳርሊን፣ ዳርሊን» ይሏታል። እኔ ዳርሊንግ የሚሏት መስሎኝ «ይቺ ሴትዮ የስንቱ ፍቅረኛ ናት?» እያልኩ ገባሁ። እጇን ዘረጋችልኝ። ስጨብጣት ጣቶቿ ተንሸራተው የእጄ አንጓ ላይ፣ ደም ሥሩ ላይ አረፉ። ሌላኛውን እጇን ቀና አድርጋ ሰዓት እንደሚያይ ሰው አየችው። ሰዓት አላሰረችም።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ይቅርታ፣ ልማድ ነው። ስምንት አመት የሰው እጅ ስይዝ ኖሬ።»

«እና፣ ስንት መታ?»

«እኔ እንጃ» ብላ ሳቀች። «ስምንት አመት ሙሉ አንድ ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። ካሜራ ያያል እንጂ አያዳምጥም።»

ስሜን ስነግራት «ቲጋ... ቲጋ...» ብላ ታገለችና «ታይገር» አለችኝ። ነብር! ከዛ ቀን ጀምሮ ሌላ ስም የለኝም፤ እናንተ ናችሁ ጥጋቡ የምትሉኝ።

በየዕረፍቱ ሬዲዮዬን ታቅፌ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ከሙቅ ውሃና ከሎሚ ሌላ ነገር ስትጠጣ አላየሁም። አንዴ አንዱ ከቴርሞሱ ትንሽ ውስኪ ሊያደርግላት ሲል ብርጭቆዋን በእጇ ከደነች። «አባቴ የእኔንም ድርሻ ጠጥቶ ጨርሶታል» አለችው። ስማ ፋሲል፣ ይሄን ያለች ሴት ናት ሰካራም የምትላት። አባቷ ኦሃዮ ውስጥ ሥጋ ሻጭ ነበር። እህት የለ፣ ወንድም የለ፣ አንድ ለናቷ። አሥራ ዘጠኝ አመቷ ላይ ቲቪ ላይ ወጣች፤ የወጣው ግን እጇ ብቻ ነው። የሳሙና ማስታወቂያ፣ ሳህን የሚያጥብ እጅ። እናቷ ጎረቤት ሰብስባ «ያ የልጄ እጅ ነው» ስትል ማንም አላመናትም። ከዛ ፊቷም ወጣ፣ ነርስ ሆነች፣ አገር አወቃት። አርባን ስታልፍ የሃያ ሁለት አመት ልጅ አመጡና እሷን ፊልሙ ላይ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ጥለው ገደሏት።

«በሕይወቴ ሊፍት ተሳስቼ አላውቅም» አለችኝ። «ነርሷ ግን ስምንት አመት የሠራችበትን ሆስፒታል በር ከፍታ፣ ሊፍቱ መኖሩን ሳታይ ገባች። እስቲ ይሄ ይታመናል?»

ከዛ በኋላ የሟች እናት ሆና ሠራች፣ ዳኛ ሆና ሠራች፣ አንዴ ሬሳ ሆና ሠራች። «ሬሳነት ጥሩ ነው፤ ቃልሽን ረሳሽ የሚልሽ የለም።» ይሄ የድርቁ ፊልም ከስንት አመት በኋላ ዋና ሆና የተመረጠችበት ነው። የመጠለያ ነርስ ናት። «ታይገር፣ ይሄ ከተበላሸብኝ ወደ ሳሙናው ነው የምመለሰው። አሁን ደሞ እጄም አርጅቷል» ብላ እጇን ገልብጣ አየችው። ስትስቅ እኔም ሳቅኩ፤ ግን የምሯን ነበር።

አሁን እትዬ ዘነበችን ላስተዋውቃችሁ። የፎቃችን ጎረቤት ናቸው። ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፋሉ፣ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ስለሚቆሙ እግራቸው እንደ ዱባ ያብጣል። እኔ ነኝ ለፊልሙ ያስመዘገብኳቸው። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ በቀጥታ ወደ ዳርሊን ሄዱና ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

«ሲስተር፣ እስቲ ይቺን እግሬን እዪልኝ።»

«እትዬ፣ ይተዉ፣ እሷ ነርስ አይደለችም። ተዋናይ ናት» አልኳቸው።

«ዝም በል አንተ! በዓይኔ በብረቱ ሰው ስታድን ያየኋትን ሴት ትነግረኛለህ?»

ዳርሊን ወደ እኔ ዞረች። «ምን ብላ ነው የጠራችኝ?»

«ሲስተር።»

«እህቴ አለችኝ?»

ፊቷን ብታዩት። የሆነ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ መብራት ያበራባት ነው የምትመስለው። እንዴት አድርጌ «አይ፣ ነርስ ማለታቸው ነው» ልበል? «አዎ፣ እህቴ ነው ያሉሽ» አልኩ። በማግስቱ የእግር እብጠት የሚይዝ ወፍራም ስቶኪንግ ከፋርማሲ ገዝታ መጣች። አሸዋው ላይ ተንበርክካ ራሷ አለበሰቻቸው። እትዬ ዘነበች ደግሞ እኔን በዓይናቸው ሰነጠቁኝ፤ «ታዲያ ነርስ ካልሆነች ይሄን ማን አስተማራት?» ከዛ ወዲያ የአበሻ እናት በሙሉ ተሰልፎ ስኳሩን፣ ግፊቱን፣ ወገቡን ለዳርሊን ይነግራል። እሷም አንድ ቃል ሳይገባት የሁሉንም እጅ ይዛ ያልታሰረ ሰዓቷን ታያለች። «ሲስተር፣ ሲስተር» ሲሏት ደስታዋ!

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። የሚቀረጸው ምን ነበር መሰላችሁ? ነርሷ በመጠለያው ሰልፍ መሃል ታልፋለች። እህሉ ለሁሉም አይበቃም። የሚበሉትን ልጆች እጅ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች፣ ተስፋ የሌላቸውን አልፋ ትሄዳለች። እትዬ ዘነበችን ሰልፉ ውስጥ አስቀመጧቸውና፣ በዛ ብርድ እውነተኛ ሕፃን አይሆንም ብለው በነጠላ የተጠቀለለ አሻንጉሊት አሳቀፏቸው። ዳርሊን እሳቸው ጋ ስትደርስ አይታ ማለፍ ነው። ዳይሬክተሩ፣ ያ ሁልጊዜ ኮፍያውን ገልብጦ የሚያደርገው፣ «ምንም አትበል፣ ዝም ብላ ትቀመጥ በላት» አለኝ። አልኳቸው። «እሺ» አሉ።

መጀመሪያ ጊዜ። ዳርሊን መጣች፣ አየች፣ አለፈች። እትዬ ዘነበች ቀሚሷን አፈፍ አድርገው ያዙና «ሲስተር! ሲስተር፣ ይቺንም! ይቺንም ጻፊልኝ!» ብለው ጮኹ። ዳርሊን ክው አለች፣ ግን ሥራዋን ታውቃለች፤ አለፈች። «ካት!» ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ዘለለ። «እጅግ በጣም አሪፍ ነው፣ እንደዛው ትድገመው፣ በላት» አለኝ።

«እትዬ፣ አንዴ ይድገሙት አሉ።»

«ምኑን?»

«አሁን ያሉትን።»

«ምን አልኩ?» አሉኝ።

እዚህ ጋ ነው መንቃት የነበረብኝ። ሁለተኛ ጊዜ። አሁንም ቀሚሷን ያዙ፣ አሁንም «ሲስተር፣ ይቺንም!» ጮኹ፤ ግን ዳርሊን ካለፈች በኋላም አላቆሙም። አሻንጉሊቷን እያወዛወዙ «አልማዜ፣ አልማዜ» ይላሉ።  ስንት አመት በር ለበር ስንኖር ልጅ እንደነበራቸው ነግረውኝ አያውቁም። እሳቸው እዛ አሸዋ ላይ አልነበሩም። ሰባ ሰባት ላይ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ነጭ የለበሰች አንዲት ሲስተር በአጠገባቸው አልፋ ሄዳለች።

ዳይሬክተሩ በሬዲዮው «ምን እያለች ነው?» አለኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ችግር አለ» ብል ያቆሙት ነበር። እኔ ግን ፊልም ያስቆመ አስተርጓሚ ነገ ሬዲዮውን እንደሚቀማ ነው ያሰብኩት። «አክቲንግ ናት» አልኩ፤ እየተወኑ ነው ማለቴ ነው።

ሦስተኛ ጊዜ። ዳርሊን መጣች፣ አየች። ካሜራው ከኋላዋ ሆኖ እንድታልፍ ይጠብቃል። አላለፈችም። ተንበረከከች። የእትዬ ዘነበችን እጅ ያዘች፣ ያንን ባዶ እጇን አየች፣ ከዛ ፊቷ ተለወጠ። ጣቶቿን እንደገና አስተካክላ ያዘች። ዞር ብላ ባለ በሌለ ድምጿ ጮኸች።

«በቃ!»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ነው ያለችው! ሁለት ባስ ሙሉ አበሻ፣ ተስፋ የቆረጠው፣ ሊሞት የተጋደመው፣ ሬሳ የሆነው ሳይቀር፣ ብድግ! ወደ ማሞቂያው! ዳይሬክተሩ ኮፍያውን መሬት ጣለ። «ካት የምለው እኔ ነኝ! እኔ ብቻ ነኝ!»

«ልቧ ሊፈነዳ ነው» አለች ዳርሊን። «ሐኪም ጥሩ።»

«የኔ ቆንጆ» አላት፣ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ «አንቺ እኮ እውነተኛ ነርስ አይደለሽም።»

ሳቁ። ካሜራ የያዙት፣ መብራት የያዙት፣ ቀለም የሚረጩት ሁሉ ሳቁ። ያንን ሳቅ እስከዛሬ እሰማዋለሁ፤ ትናንት ምግብ ቤት የሳቃችሁትም ያንኑ ሳቅ ነው። እሷ ግን እዛ ቀዝቃዛ አሸዋ ላይ ቁጭ ብላ የእትዬ ዘነበችን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች፣ ካባዋን ደረበችላቸው። «ሐኪም እስኪመጣ ከዚህ አልነሳም» አለች።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «አስተርጓሚ! ሴትዮዋ ደህና ናት አይደለችም?»

«ኦኬ ናት» አልኩ።

አዎ። እኔ ነኝ። ጻፉት፣ ስቁበት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እትዬ ዘነበች ዓይናቸው ተገለበጠ፤ አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል «ደም ግፊታቸው ጣራ ነክቷል፣ ትንሽ ቢቆዩ አይተርፉም ነበር፤ ማን አወቀላቸው?» ሲሉኝ «አንዲት ነርስ» አልኩ። 

ሥራው ተስተጓጎለ፤ ጥፋተኛ ማግኘት ግድ ሆነባቸው። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ጠርቶ ወረቀት ሰጠኝ። «ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ። አንብበውና ምስክር ሆነህ ፈርም።» አንብበው! ሬዲዮ የታጠቀ ሰው «ማንበብ አልችልም» ይላል? ወረቀቱን ያዝኩ፣ ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አስኬድኩ፣ መሃል ላይ «እምም» አልኩ፣ ገጹን ገልብጬ የኋላውንም «አነበብኩ»፤ የኋላው ባዶ ነበር። ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምራል፤ ከፈረንጅ ጽሕፈት የተለማመድኩት እሱን ብቻ ነው። አንድ ኮፒ ሰጡኝ። በማግስቱ ዳርሊን ተባረረች፤ ከእሷ የምታንስ ሌላ ሴት ነርስ ሆነች። እኔም ሬዲዮዬን እንደሰካሁ ቆየሁ።

ስትሄድ ማንም አልሸኛትም። ሆቴሏ ሄጄ ሻንጣዋን ይዤላት ወረድኩ። ታክሲ እየጠበቅን ላስቃት ብዬ፣ ምን ልበላችሁ፣ እውነቱን ነገርኳት። «ዳርሊን፣ ሲስተር ማለት በእኛ ቋንቋ እህት አይደለም። ነርስ ማለት ነው።»

 እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እህትም ሆኜ አላውቅም፣ ነርስም ሆኜ አላውቅም» አለች።

«እጃቸው ግን ተሰማሽ አይደል?»

«ተሰማኝ። ከስንት አመት በኋላ የመጀመሪያው።» ታክሲው መጣ። «ታይገር፣ የፈረምከውን ወረቀት አንብበኸዋል?»

«ታዲያስ! ሁለቱንም ገጽ!»

ልትጨብጠኝ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ተንሸራተው የእጄ አንጓ ላይ አረፉ። ባዶ እጇን አየች፣ እኔን አየች። አልተቆጣችም፤ ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ማንበብ ተማር» አለችኝ። «የሚቀጥለው ወረቀት ስላንተ ነው የሚሆነው።»

ተማርኩ። ሁለት ክረምት ኢስት ዮርክ የስደተኛ እንግሊዝኛ ክላስ ሄድኩ፤ አስተማሪዋን ስንቴ እንዳሳቅኳት ጠይቋት። ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብኩት ከመሳቢያዬ ያወጣሁትን ያንን ኮፒ ነው። «ተዋናይቷ መጠጥ ትሸት ነበር፣ ትንገዳገድ ነበር፣ ያለ ምክንያት ጮኸች፣ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። ከስሩ ያ የሚያምረው ፊርማዬ። በወቅቱ ጋዜጣ ላይ «በቦታው የነበረ ምስክር እንዳረጋገጠው» ተብሎ የወጣው እኔ ነኝ። ትናንት ቲቪው ያለው የእኔን ቃል ነው። ፋሲል፣ አንተ የደገምከው የእኔን ውሸት ነው፤ ሪሞቱን የቀማሁህ ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ?

አድራሻዋን አጥቼ ነው እንዳትሉኝ። በየአመቱ ብርድ ሲገባ ለእትዬ ዘነበች ካርቶን ይመጣል፣ ውስጡ ስቶኪንግ። አድራሻው ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ያነበብኩላቸውም እኔ ነኝ። ሦስት ክረምት «ነገ እጽፍላታለሁ» አልኩ። ለቀልድ የሚረዝም ምላሴ ለሁለት መስመር ይቅርታ አጠረ። አሁን የምጽፍላት ሰው የለችም፣ ስለዚህ ለእናንተ ጻፍኩት፦ ያ ወረቀት ውሸት ነው። ፊርማው የእኔ ነው፤ ቃሉን ግን ሳላነበው ነው የፈረምኩበት። ፊርማዬን አንስቻለሁ።

እትዬ ዘነበች ገና አልሰሙም። ቅዳሜ ጠዋት በማለዳ፣ በወጉ፣ ያኔ በረዶ ያንከባልሉ የነበሩትን ሽማግሌም ይዤ ሄጄ መርዶውን የማረዳው እኔ ነኝ። «ሲስተር አረፈች» ነው የምላቸው። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እሳቸው ይወቁት። ማንም ቀድሞኝ አፉን እንዳይከፍት!

ከቅዳሜ በኋላ ግን ሂዱ። ፋሲል፣ ታክሲህን ይዘህ አንተ ቀድመህ ሂድ። መኪና የሌላችሁ ከሰብዌይ ባቡሩ ውረዱና በባሱ ቶርንክሊፍ ግቡ። ከሁለቱ ባስ ሰው ያገኛችሁትን አስቁማችሁ፣ የዛን ቀን ካት ሳይባል «በቃ» ያለው ማነው በሉት። ከዛ አሥራ አንደኛ ፎቅ ውጡና እትዬ ዘነበችን ጠይቁ። ተዋናይቷን ብላችሁ እንዳትጠይቋቸው፤ ተዋናይ አላውቅም ይሏችኋል። ሲስተርን በሏቸው። ሰካራም ነበረች ወይ በሏቸው፣ ወንድ ከሆናችሁ። ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው እግራቸውን ያሳዩአችኋል፤ ያንን ስቶኪንግ መጀመሪያ ማን ተንበርክኮ እንዳለበሳቸው ጠይቁ። ሂዱ! ምን ትጠብቃላችሁ?